መንግሥት በገበታችን ላይ ምን አገባው?

ዛሬ ከመድረክ ብዙም ስለማይሰበክ ነገር እንነጋገራለን፤ ስለ ውፍረት። በተለይም መንግሥታት ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ስለሚያወጧቸው ሕጎች። በስኳር መጠጥ ላይ ታክስ መጣል፣ በብስኩት ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ማዘዝ፣ ለልጆች የሚተላለፍን የጣፋጭ ማስታወቂያ መከልከል ተገቢ ነው? ወይስ ቄሣር በማያገባው ቤት ገብቷል?

አማኞች በዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ሁለት መልሶች ቶሎ ይሰማሉ። አንደኛው፣ «በእኔና በሆዴ መካከል ማን ገባ? ሰውነቴ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ ስለ እርሱ የምጠየቀውም በእግዚአብሔር ፊት ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸውን መንግሥት ካላስገደዳቸው የሕክምናቸውን ዕዳ የምንከፍለው እኛው ነን» ይላል። የመጀመሪያው ነጻነትን ይዞ ይከራከራል፤ ሁለተኛው ሥርዓትን። ሁለቱም ጥቅስ አያጡም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለናል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ሕግ ሲሰጥ፣ የወደቀውን ሰው ስለ መቅጣት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚወድቅበትን ቦታ ስለ ማጠርም ተናግሯል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። መንግሥት ሰው እንዳይወድቅ መከታ ሊሠራ ይገባዋል፤ የወደቀውን ሰው ግን ሊገፋው አይገባም። በውፍረት ላይ የሚወጣ ማንኛውም ፖሊሲ በዚህ ሚዛን ቢመዘን መልካሙን ከክፉው መለየት ይቻላል ብለን እናምናለን።

የፈረንጅ ችግር ብቻ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ካለፈ ውፍረት ጋር ይኖር ነበር። ከአዋቂዎች መካከል ብቻ ቁጥሩ ከ890 ሚሊዮን በላይ ነው። ሐኪሞች ይህን የሚለኩት የሰውየውን ክብደት በኪሎ ግራም ወስደው በቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው፤ ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ከእርሱ ጋር የሚመጡት የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የመገጣጠሚያ ችግርና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ናቸው። እነዚህን ስሞች ለጸሎት በሚቀርቡ ወረቀቶች ላይ ደጋግመን እናነባቸዋለን።

«እኛ ገና የሚበላ ያጣን ሕዝብ ነን፤ ውፍረት የሀብታም አገር ጣጣ ነው» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶ ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ረሃቡና ጥጋቡ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ውፍረቱ የሚበዛውም በከተማ ነው፤ እኛም አብዛኞቻችን ወደ ከተማ እየገባን ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ታሪክ ነው። ቤተ እስራኤል ከገጠር ኢትዮጵያ ሲገቡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። በአዲሱ አገር ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው በመካከላቸው በብዙ ጨመረ። ዘራቸው አልተለወጠም። ራስን መግዛትንም አውሮፕላኑ ውስጥ ረስተውት አልወረዱም። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው፤ የጤፍና የጥራጥሬ ገበታ በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ተተካ፣ በእግር የሚኬደው መንገድ በአውቶቡስ ሆነ። ስለዚህ ውፍረትን «የስንፍና ውጤት ነው» ብሎ መዝጋት እውነቱን አይገልጥም። ሰው ራሱ ይመርጣል፣ አዎ፤ የሚመርጠው ግን ፊቱ ከተደረደረለት ነገር ነው።

በጣሪያው ዙሪያ መከታ

በዘዳግም 22፥8 ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ትእዛዝ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከላይ እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በዚያ ዘመን ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰዎች ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል፣ ልጆችም ይጫወቱበታል።

ሕጉ ምን እንዳላለ እናስተውል። «ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው እግሩን ይጠብቅ» አላለም። ያ ምክር ስሕተት ስለሆነ አይደለም፤ ጠቢብ ሰው እግሩን መጠበቅ አለበት። እግዚአብሔር ግን ኀላፊነቱን በእንግዳው ጥንቃቄ ላይ ብቻ አልጣለም። ቤቱን የሠራው ሰው ተጠያቂ ነው፤ መከታ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በዚያ ቤት ላይ ይሆናል። ይህ ሕግ ጥፋት ከመድረሱ በፊት የሚሠራ ሕግ ነው። የባልንጀራ ፍቅር በአዋጅ መልክ ሲወጣ እንዲህ ይመስላል።

እንግዲህ በዘመናችን ጣሪያውን የሚሠሩት እነማን ናቸው? ትልልቆቹ የምግብና የመጠጥ አምራቾች ናቸው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመክራል። አንድ ጣሳ ብቻ የቀኑን ልክ አልፎ ይሄዳል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጠጪው ከማያየው ገደል አፋፍ ተቀምጧል።

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ያደረገውን እንመልከት። ታክሱን በጠጪው ላይ ሳይሆን በአምራቹና በአስመጪው ላይ ጣለ፤ ያውም በስኳሩ መጠን። በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለበት መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለበት 18 ፔንስ በጊዜው ይከፈልበት ነበር፤ ከ5 ግራም በታች ከሆነ ምንም አልነበረበትም። ሕጉ ከታወጀበት ከ2016 አንሥቶ ለአምራቾች ሁለት ዓመት ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ታክሱን ከመክፈል ይልቅ ስኳሩን መቀነስ መረጡ። ከ2015 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ሕጉ በሚመለከታቸው መጠጦች ውስጥ ያለው ስኳር በአማካይ ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። ማንም ጠጪ አልተወቀሰም፤ ማንም በሚዛን ላይ አልቆመም። መከታው ተሠራ፣ ሰዎቹም ሳያውቁት ከብዙ ስኳር ተረፉ። እርግጥ በስኳሩ ፋንታ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የገባባቸው መጠጦች አሉ፤ የጣፋጭ አምሮታችንም አልጠፋም። ቢሆንም ከበፊቱ ይሻላል።

የቺሌ ሕግ ደግሞ ልጆችን ይመለከታል። ከሰኔ 2016 ጀምሮ ስኳሩ፣ ጨው፣ ስቡ ወይም ካሎሪው የበዛ የታሸገ ምግብ ሁሉ ፊቱ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲታተምበት ታዘዘ። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ምግብ በትምህርት ቤት አይሸጥም፣ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይተዋወቅም። በቁርስ እህል ካርቶኖች ላይ ይስቁ የነበሩት የካርቱን እንስሳት ከማሸጊያው ተነሡ።

አንዳንዶች ይህን «ከልክ ያለፈ» ይሉታል። እኛ ግን ዘሌዋውያን 19፥14ን እናስታውሳለን፤ በዕውር ፊት እንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። የአምስት ዓመት ልጅ በማስታወቂያ ፊት ዕውር ነው። የሚስቀው ነብር ወዳጁ ይመስለዋል እንጂ ሊሸጥለት የመጣ መሆኑን አይለይም። ዐዋቂዎች ተሰብስበው፣ ገንዘብ መድበው፣ ልጁ እናቱን በሱቅ በር ላይ እንዴት እንደሚያስጨንቃት አጥንተው ሲያበቁ፣ «ወላጅ ልጁን ይቆጣጠር» ማለት ፍትሕ አይደለም። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ቃል (ማቴዎስ 18፥6) ለገበያም ይሠራል።

ቢራው ሲከለከል አሜን፣ ለስላሳውስ?

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬድዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ሕጉ ሲወጣ ከአማኞች መካከል «መንግሥት በሰው ጉሮሮ ምን አገባው?» ያለ ብዙ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎናል እንጂ። ልጆቻችን ዜና ሊያዩ ተቀምጠው የቢራ ዘፈን ከማጥናት ዳኑ ብለን ጌታን አመስግነናል።

ታዲያ ያው ዓይነት ሕግ ወደ ለስላሳ መጠጥ ቢመጣስ? የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦችንም ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች መካከል አካትቷል። ነገሩ እዚህ ላይ ይነካናል። የአማኞች ሰርግ በምን ይታወቃል? አልኮል የለበትም፤ ጠረጴዛው ግን በለስላሳ ጠርሙስ ተሞልቷል። ምርቃቱም፣ የልጅ ልደቱም፣ የአገልጋዮች ዓመታዊ ፕሮግራሙም እንዲሁ። የማንጠጣውን ሲነካ «አሜን» ብለን የምንጠጣውን ሲነካ «ነጻነታችን» ብንል፣ የተሟገትነው ለመርሕ ሳይሆን ለአምሮታችን ነው ማለት ነው።

ቢራና ለስላሳ አንድ ናቸው አንልም። ለስላሳ ሰውን አያሰክርም፣ ትዳርም አያፈርስም። ነገር ግን ልጆችን ከሚያባብል ማስታወቂያ መጠበቅ ለአንዱ ትክክል ከሆነ ለሌላውም ትክክል ነው።

ሕግ የማይደርስበት ቦታ

ይህን ሁሉ ስንል ከመንግሥት ብዙ እንድንጠብቅ አይደለም። የእኛ የእምነት አባቶችና እናቶች መንግሥት ወደ ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ከዚያ ታሪክ የወጣ ሕዝብ ለመንግሥት እጅ ልክ ቢያበጅለት የሚያስወቅሰው አይደለም። በሮሜ 13፥4 ባለ ሥልጣን ለመልካም የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ደግሞ የተላከበት ሥራ አለው፣ ከተላከበት አያልፍም።

የዴንማርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በቅቤ፣ በአይብና በሥጋ ውስጥ ባለው ጠጣር ስብ ላይ ታክስ ጣሉ። ሕዝቡ ቅቤውን መብላት አልተወም፤ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ጀርመን አገር መሸመት ያዙ። ታክሱ በጥር 2013 ተሻረ። የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በ2012 በምግብ ቤቶችና በሲኒማ ቤቶች ከግማሽ ሊትር ትንሽ በሚያንስ ልክ በላይ በሆነ ብርጭቆ ጣፋጭ መጠጥ እንዳይሸጥ ደንብ አወጣች። ደንቡን ያጸደቀው ግን በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት ሳይሆን የጤና ቦርዱ ነበር። ፍርድ ቤት ሥልጣኑን አልፏል ብሎ አገደው፤ በ2014 የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ያንኑ አጸና። መልካም ዓላማ ያለው ትእዛዝም ቢሆን በትክክለኛው በር መግባት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቈላስይስ መልእክት ምዕራፍ 2 የሚለው አለ። ጳውሎስ «አትንካ፣ አትቅመስ» የሚሉ ሥርዓቶች ጥበብ ቢመስሉም የሥጋን ምኞት ለመግታት አቅም እንደሌላቸው ያስተምራል። ሕግ ጠርሙሱን ሊያሳንስ ይችላል፤ በሌሊት ብቻውን የሚበላን ሰው ጭንቀት ግን አያይለትም። ምግብ ለብዙዎች የኀዘን መሸሸጊያ ነው። ከባሏ ጋር ተጣልታ ወደ ማጀት የምትገባው እህት፣ በስደት አገር ሁለት ሥራ ሠርቶ በመኪናው ውስጥ ራቱን የሚበላው ወንድም የሚያስፈልጋቸው የታክስ አዋጅ ብቻ አይደለም። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው (ገላትያ 5፥23)። ፍሬ በፋብሪካ አይመረትም፤ በግንዱ ላይ በመኖር ይበቅላል። መከታ አንድን ሰው ከመውደቅ ያተርፈው ይሆናል፤ መሄድ ግን አያስተምረውም።

ታክሱን የሚከፍለው ማነው?

ሌላው የምንጠይቀው የድሃው ጉዳይ ነው። የፍጆታ ታክስ ከሀብታሙ ይልቅ ድሃውን ይጫነዋል፤ ሁለቱም ያንኑ አምስት ብር ጭማሪ ቢከፍሉ ለአንደኛው ምንም አይደለም፣ ለሁለተኛው ግን የዳቦ ገንዘብ ነው። ነቢዩ አሞጽ ከድሃው እህል ላይ ቀረጥ የሚወስዱትን በብርቱ ቃል ገሥጿል (አሞጽ 5፥11)። ስለዚህ «ለጤናህ ነው» የሚል ታክስ ሁሉ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሊጠየቅ ይገባል።

ሜክሲኮ ከጥር 2014 ጀምሮ በአንድ ሊትር ጣፋጭ መጠጥ ላይ አንድ ፔሶ ጣለች። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግዢው በመጀመሪያው ዓመት በ6 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ዓመት ይበልጥ ወረደ። የበለጠ የቀነሰው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነበር። ይህ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል በስኳር በሽታ አብዝቶ የሚጎዳው ድሃው ስለሆነ የጤናውንም ጥቅም ያገኘው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የቧንቧ ውኃ በማይታመንበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለስላሳውን ቢተው ምን ይጠጣ? የታክሱ ደጋፊዎች ገንዘቡ በየትምህርት ቤቱ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ እንዲያስገባ የጠየቁት ለዚህ ነው። ንጹሕ ውኃ ሳያቀርብ ለስላሳን የሚያስወድድ መንግሥት መከታ ሠራሁ ሊል አይችልም፤ መሰላሉን ወስዶ ሄደ እንጂ።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጣፋጭ መጠጥ ላይ በአንድ አውንስ 1.75 ሳንቲም ታስከፍላለች። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች አትክልትና ፍራፍሬ እንዲገዙ መደጎሚያ ይሆናል። ከድሃው ገበታ የተወሰደው በሌላ መልክ ወደ ድሃው ገበታ ሲመለስ ታክሱ ፍትሕ ይሸታል።

የእስራኤል ተሞክሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በ2022 መጀመሪያ በጣፋጭ መጠጥ ላይ የተጣለው ታክስ በ2023 ተሻረ። ትልልቅ ቤተሰብ ያላቸው ሃይማኖተኛ አይሁድ ሕጉን እነርሱን ለመንካት የወጣ አድርገው ቈጠሩት። ሐሳቡ ለጤና ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች እንደ ተናቁ ከተሰማቸው ለጤናቸው የተባለውንም አይቀበሉም። ድሃውን ስለ ገበታው ከመምከር በፊት ከእርሱ ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል።

ወፍራሙ ሰው የእግዚአብሔር መልክ ነው

እስካሁን የተናገርነው ስለ መከታው ነው። አሁን ስለ መግፋቱ እንናገር፤ ይህን ከሁሉ አጥብቀን እንቃወማለንና።

በእንግሊዝ አንዳንድ አካባቢዎች የሕዝብ ጤና አስተዳዳሪዎች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ከማግኘታቸው በፊት አስቀድመው እንዲከሱ ወይም ወራት እንዲጠብቁ ወስነው ያውቃሉ። ሐኪም ለቀዶ ጥገናው ደኅንነት ብሎ «ትንሽ ቀንስ» ቢል ምክር ነው። ለበጀት ተብሎ በወፍራሙ ላይ ብቻ በሩን መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ጕልበቱ ታሞ መራመድ ያቃተውን ሰው «በእግርህ ተራምደህ ክሳና ና» ማለት በመንገድ ዳር የወደቀውን አይቶ ወዲያ ማዶ ማለፍ ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ወገብ በየዓመቱ ትለካለች፤ የወንዱ ልክ 85፣ የሴቷ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ከልኩ ያለፈና ሌላ የጤና ምልክት የታየበት ሰው ምክር ይሰጠዋል። ቅጣት ቢኖር በጤና መድን ድርጅቱ ላይ እንጂ በግለሰቡ ላይ አይደለም። ምክሩን እንወደዋለን። ሆኖም ሰው በሥራ ባልደረቦቹ መካከል በሜትር የሚታወቅበት ባህል እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ይገባል። ኀፍረት ሰውን አያከሳም። በውፍረቱ የተዋረደ ሰው ብዙ ጊዜ ከሐኪም ይሸሻል፣ ተደብቆም ይበላል።

ደግሞ እውነቱን እንወቅ። በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ላለው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። አንዳንድ መድኃኒቶች ያወፍራሉ። እንቅልፍ ማጣት ያወፍራል። ስለዚህ የአንድን ሰው ወገብ አይቶ የልቡን ኃጢአት ማንበብ አይቻልም። ሆዳምነት ኃጢአት ነው፤ ሆዱ አምላኩ የሆነበት ሰው እንዳለ ጳውሎስ በእንባ ይናገራል (ፊልጵስዩስ 3፥19)። ነገር ግን ሆዳምነት በሚዛን አይለካም። ቀጭን ሆዳም አለ፤ በልክ የሚበላ ወፍራምም አለ። አማርኛችንም ይህን ያውቃል፤ «ሆዳም» የምንለው ወፍራሙን ሳይሆን ለጥቅሙ ሲል ወገኑን የሚሸጠውን ነው። ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር እንጀራ መጥገቧን የድሃውን እጅ ካለማበርታቷ ጋር አያይዞ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ጌታችን ራሱ «በላተኛ» ተብሎ መሰደቡ ነው (ማቴዎስ 11፥19)። ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ ስለ ተቀመጠ ስሙን አጠፉት። በገበታው ምክንያት የሚነቀፍ ሰው ሁሉ በዚህ ስድብ ውስጥ ያለፈ ጌታ አለው። ይህን የምናውቅ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እህታችንን አቅፈን «ውይ! እንዴት ወፍረሻል!» ስንል ቆም ብለን እናስብ። በባህላችን አንዳንዴ ምስጋና፣ አንዳንዴ ቀልድ ነው። እርስዋ ግን እቤት ገብታ የምታለቅስበት ሊሆን ይችላል።

በራሳችን ደጅ

መንግሥት መከታ እንዲሠራ የምንጠይቅ ከሆነ የራሳችንም ጣሪያ አለን። ለዚህ አዋጅ አያስፈልገንም።

በሰርጋችንና በፕሮግራሞቻችን ጠረጴዛ ላይ ውኃ ከለስላሳው እኩል ይቅረብ፤ ውኃ የጠየቀ ሰው እንደ ተቸገረ አይታይ። የሰንበት ትምህርት ልጆች ጥቅስ ባጠኑ ቊጥር ሽልማታቸው ከረሜላ ባይሆን፣ እርሳስ ወይም ደብተር ቢሆን ምን ይጎድላል? የእግዚአብሔር ቃል ራሱ ከማር ይልቅ ይጣፍጣል ብለን እናስተምራቸው የለ? በአጥቢያችን ነርሶችና ሐኪሞች ይኖራሉ፤ በወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ቢያደርጉልን አገልግሎት ነው፣ እንደ መዘምራኑ አገልግሎት። በቤት ለቤት ኅብረት «እስቲ ቅመሱ፣ ሞት ይርሳኝ» እያልን ስናጎርስ፣ «በቃኝ» ያለውን ሰው ማክበርም ፍቅር ነው። ጾማችንም ክብደት መቀነሻ አይሁን፤ ወደ ጌታ ፊት መቅረቢያ ይሁን። አገልጋዮችም ውፍረትን ለማሳቅ ብለው በስብከት ውስጥ ምሳሌ አያድርጉት።

ዳንኤል በንጉሥ ገበታ ፊት ያደረገውን እናስታውስ። የሌላውን ምግብ አልከለከለም፣ በሚበሉትም አልቀለደም። ለራሱ በልቡ ወሰነ፣ አለቃውንም በትሕትና ለመነ፣ ለዐሥር ቀንም ተፈተነ (ዳንኤል 1)። የአማኝ ምስክርነት በገበታ ላይ እንዲህ ያለ ነው።

ስንመዝን

እንግዲህ በምትኖሩበት አገር፣ አዲስ አበባም ይሁን ዱባይ፣ ሲያትልም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ውፍረትን ስለሚመለከት ሕግ ስትሰሙ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። ሸክሙን የሚጥለው እንቅፋቱን ባኖረው ላይ ነው ወይስ በተሰናከለው ላይ? ለራሳቸው ሊናገሩ የማይችሉትን ልጆች ይጠብቃል? ከድሃው የወሰደውን ለድሃው ይመልሳል? ወፍራሙን ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ወንድም አድርጎ ያየዋል ወይስ የወጪ ቊጥር አድርጎ? አራቱን ያለፈ ሕግ ሲመጣ «መንግሥት ምን አገባው?» አንበል፤ ደግፈን እንቁም። ያላለፈውንም በግልጽ እንቃወም፤ ለምንወዳቸው ሰዎች ስንል።

በውፍረት ምክንያት የተናቅህ ወንድም፣ የተሳለቁብሽ እህት፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ሰው ፊትን ያያል፤ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)። ጌታ የሚቀበላችሁ ከከሳችሁ በኋላ አይደለም። ሰውነታችሁን የዋጀው አሁን እንዳለ ነው፤ ዋጋውም ተከፍሏል (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥20)። መለወጥ ከፈለጋችሁ ከዚህ ፍቅር ተነሥታችሁ ተለወጡ፤ ሐኪም አማክሩ፣ ወዳጅ ይዛችሁ ተራመዱ፣ በጸሎትም አግዙን በሉን።

ጌታ ለመሪዎቻችን ጥበብን፣ ለገበታችን ልክን፣ ለአንደበታችንም ጸጋን ይስጠን። አሜን።